ቦቴሮን ፍለጋ ፒየትራሳንታ

ፒሳ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዘመመው ግንብ ጋር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔና ሮም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ግን በባቡር ወደ ሰሜን ቀጠልን። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ፒየትራሳንታ ለመድረስ። ኮሎምቢያዊው ሠዓሊና ቀራፂ ፈርናንዶ ቦቴሮ ከ1983 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ወርክሾፕ የነበረው እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያየነው «ጦረኛው» የተባለውን ሐውልቱን ነው። አደባባይ ላይ ራቁቱን ቆሟል። ራስ ቁር አድርጓል፣ ጋሻ ይዟል። ጭኑ ግንድ ያክላል፣ ጭንቅላቱ ግን ትንሽዬ ናት። ቦቴሮ «ወፍራም ሰው አልሠራም፣ እኔን የሚስበኝ ግዝፈት ነው» ይል ነበር። ፎቶ ላይ ሳየው ይህ አባባል ማምለጫ ይመስለኝ ነበር። አጠገቡ ስቆም ግን ገባኝ። ውፍረት ይዝረከረካል። ይሄ ገላ ግን የተወጠረ ነው፣ አንድም ቦታ አልላላም።

ቦቴሮ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ሜዴሊን ከተማ በ1932 ተወለደ። አባቱ በበቅሎ እየዞረ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ቦቴሮ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ልብስ እየሰፋች አሳደገችው። አጎቱ በሬ ተፋላሚ እንዲሆን ትምህርት ቤት አስገባው፣ እሱ ግን በሬዎቹን መሳል ያዘ። ቅርፃ ቅርፅን አጥብቆ የያዘው ፓሪስ ሲገባ፣ በ1973 ነው። ያኔ 40 ዓመት አልፎታል፣ ሥዕሉም በዓለም ታውቋል። ስም ካገኘ በኋላ እንደ ጀማሪ ጭቃ ማቡካት ቀላል ድፍረት አይደለም። በ1974 ደግሞ የ4 ዓመት ልጁን ፔድሮን በመኪና አደጋ አጣ። ከዚያ በኋላም መሥራቱን አላቆመም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የነሐስ ማቅለጫ ወርክሾፕ እንድንገባ ተፈቀደልን። በሩ ላይ የተቀበለን የሰም ሽታ ነው፣ ልክ እንደ ጧፍ። አንድ ሽማግሌ የጋለ ቢላ ይዘው በሰም የተሠራ እጅ ያስተካክላሉ። የአክስቴ ልጅ እየተረጎመልኝ ሥራውን አስረዱን።

የጭቃው ቅርፅ በጄሶ ይገለበጣል። ከጄሶው የጎማ ሻጋታ ይወጣል። ሻጋታው ውስጥ ሰም በስሱ ይቀባል። ከዚያ የሰሙ ውስጡም ውጪውም በጄሶና በተፈጨ ጡብ ይታፈንና ምድጃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ፣ በተወው ክፍተት ወደ 1,100 ዲግሪ የጋለ ነሐስ ይፈሳል። ትልቅ ሐውልት ሲሆን ደግሞ በቁርጥራጭ ይቀለጥና ይበየዳል። የብየዳው ጠባሳ እስኪጠፋ ድረስ በመዶሻና በሞረድ ይለፋበታል። ቀለሙ የሚመጣው በእሳትና በአሲድ ነው።

ሽማግሌው አንድ የተሰበረ የነሐስ ቁራጭ ሰጡኝ። ከትንሿ ጣቴ ይቀጥናል! ምኒልክ አደባባይ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ የነሐስ ፈረስ ሆዱ ባዶ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሐውልት ሲነሳ የቀራፂው ስም ብቻ መጠራቱም የዚያን ቀን ከነከነኝ። ቦቴሮ ጎበዝ ነው፣ ነገር ግን እነዚህ እጆች ባይኖሩ ጭቃው ጭቃ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱም ቢሆን ለዚህ ይመስለኛል ወርክሾፑን ከተማዋ ውስጥ የከፈተው። በ2023 ሲያርፍም ኮሎምቢያ ከተሰናበተችው በኋላ የተቀበረው እዚሁ፣ ከባለቤቱ ከቀራፂዋ ሶፊያ ቫሪ ጎን ነው።

ያ ስስ ቁራጭ ስለ ሜዴሊኗ ወፍ አሳሰበኝ። ጁን 10 ቀን 1995 ሳን አንቶኒዮ ፓርክ ውስጥ፣ ሕዝብ ለኮንሰርት በተሰበሰበበት፣ የቦቴሮ የነሐስ ወፍ ሥር ቦምብ ፈነዳ። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የወፏ ሆድ ተቀደደ። ባለሥልጣናት ሊያነሷት ሲያስቡ ቦቴሮ እንዳትነካ አለ፤ የወንጀሉ ማስታወሻ ሆና እንድትቀር ፈለገ። በ2000 ሌላ ሙሉ ወፍ ሠርቶ አጠገቧ አቆመላት። እስካሁን ሁለቱም እዚያው ናቸው። ያን የተቀደደ ነሐስ በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ለሜዴሊን ከወዲሁ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።