ሳላረግዝ የጀመርኩት ክኒን

የዛሬ ሦስት ዓመት ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ በር ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ቀላል አወዳደቅ ነበር፤ እጄ ግን ከአንጓው ላይ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድን። እብጠቱ አልወርድ ሲል ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ራጁን አይታ «ፌኖባርቢታል ስንት ዓመት ወሰድሽ?» አለችኝ። 11 ዓመት።

የሚጥል በሽታ አለብኝ። መድኃኒቱ ይዞልኛል። ግን ጉበት ቫይታሚን ዲን ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ ያለ እሱ ደግሞ ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ደሜ ሲመረመር ቫይታሚን ዲዬ ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ኧረ ፀሐዩ ሞልቶ!» አልኩ። ሞልቷል። ግን በዚህ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምውለው፤ ቆዳዬ መቼ ያየዋል?

ዳግም ማርገዝ እንደምፈልግ የነገርኳት ያኔ ነው። ደግ አደረግኩ። የመጀመሪያ ልጄን ስይዝ ለምርመራ የሄድኩት በሦስተኛ ወሬ ነበር። መድኃኒቴን ብናገርም ስለ ፎሊክ አሲድ ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ፎሊክ አሲድ የጽንሱ አንጎልና ህብለሰረሰር በደንብ እንዲሠራ የሚረዳ ቫይታሚን ነው፤ የእኔ መድኃኒት ደግሞ ያሳንሰዋል። የጽንሱ አንጎልና ህብለሰረሰር የሚወጣበት ቱቦ የሚዘጋው ግን ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ ሳናውቅ። ልጄ ደህና ተወለደች፣ ተመስገን። ሳስበው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለሁለተኛው 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ታዘዘልኝና ሦስት ወር ቀድሜ ጀመርኩ። ለነፍሰ ጡር ሁሉ በሚሰጠው የአይረን ክኒን ውስጥ ያለው 0.4 ብቻ ነው። ያው ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አክስቴ «ክኒኑን ተይውና ሸንኮራ ዮሐንስ እንሂድ» አለች። ሄድን። ጠበሉንም ጠጣሁ፣ መድኃኒቴንም ዋጥኩ። በድንገት ቢቋረጥ የሚመጣው መጣል ለእኔም ለጽንሱም አደጋ ነው።

የከበደኝ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ካልሲየምና አይረን አብረው ከተዋጡ ካልሲየሙ የአይረኑን መንገድ ይዘጋል። ቡናም አይረኑን ያስቀራል። ስለዚህ ጠመኔ የሚመስለውን ካልሲየም ከምሳ ጋር፣ አይረኑን ማታ ስተኛ አደረግኩ። ሁለቱንም ከነብልቃጣቸው ቡፌው አናት ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አይረን ለሕፃን መርዝ ስለሆነ ልጄ እንዳትደርስበት።

ምጥ ላይ ሆኜ አዋላጇን «ፌኖባርቢታል ነው የምወስደው፣ ለልጁ ቫይታሚን ኬ እንዳይረሳ» አልኳት። መድኃኒቱ የሕፃኑን ደም መርጋት ሊያዳክም እንደሚችል ተነግሮኝ ነበር።

«አዘጋጅቼዋለሁ እኮ፣ እህቴ» አለችና ትንሿን መርፌ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።