ማሲንቆ መቺው የታለ?

ለእንቁጣጣሽ ደሴ ገባሁ፤ ከ11 ዓመት በኋላ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን። መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ። ሹፌሩ «ብርድ ናፍቆህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሥራዬ ፓርኪንግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የሐበሻ ሠርግና ኮንሰርት ፎቶ አነሳለሁ። የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ሲደርስም ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከመድረክ ሥር አልጠፋም። ስለዚህ ሆጤ አካባቢ ባዛር አለ፣ የሰፈር ልጆች ባንድ ይጫወታል ሲሉኝ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም።

ባንዱ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ማሲንቆ፣ አንድ ድምፃዊትና ሦስት ተቀባዮች አሉት። ልጆቹ ሲጀምሩ ሜዳው ተነሳ። የወሎ ሰው መቼም ዘፈን ዝም ብሎ አይሰማም፤ ጭብጨባው ራሱ መሣሪያ ነው። አጠገቤ የቆሙ እናት ዘንቢላቸውን በእግራቸው መሀል አድርገው ያጨበጭባሉ። ድራመሩ አንዴ ምት ሲስት እሳቸው አልሳቱም። በእሳቸው ጭብጨባ ነው የተመለሰው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስክስታ ፎቶ አንሺን ያዋርዳል። ሻተሩን፣ ማለትም የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት፣ 1/60 ሰከንድ ላይ ካደረግኩት ትከሻው ጭስ ይሆናል። 1/500 ሳደርገው ደግሞ ልጅቷ ትከሻዋን የታመመች ትመስላለች። 1/125 ላይ ፊቷ ጠርቶ ትከሻዋ ትንሽ ሲደበዝዝ ነው ጭፈራ የሚመስለው፤ እሱም ከአሥር አንዴ ቢሳካ ነው። መሸት ሲል ቀዩ መብራት በራ፤ የሁሉም ሰው ፊት ቲማቲም ሆነ።

ድምፃዊቷ ጎበዝ ናት። ሞቅ ባሉት ዘፈኖች ማንም አይችላቸውም። ባቲ ቅኝት ላይ ግን ተናደድኩ። የማሲንቆው ደጋን ሲመላለስ አያለሁ፤ የምሰማው ኪቦርዱን ነው። ቅኝቶቹ ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስም ናቸው። ይህን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሬ በኪቦርድ ልስማቸው? ኪቦርድማ እዚያም ሞልቷል።

ማታ ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይ ለእናቴ አሳየኋት። ከ400 በላይ ናቸው። ቡናዋን ይዛ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ፣

«ማሲንቆ መቺው የታለ?» አለችኝ።

ፈለግኩት። እዚህ ግማሽ ክርን፣ እዚያ የደጋን ጫፍ። አንዱ ላይ የማይክ ዘንግ ፊቱን ለሁለት ከፍሎታል። ስለ ኪቦርዱ ስነጫነጭ የነበርኩት ሰውዬ፣ እኔም መብራት ያለበትን ብቻ ሳነሳ አምሽቻለሁ።

በማግስቱ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ልጁ ከመድረኩ ጀርባ ቡና ከምታፈላው ሴት ከሰል አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ማሲንቆውን ያሞቃል። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ በዚህ ወቅት ደግሞ እርጥበቱ ገና አልለቀቀም። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፤ ድምፁም ይወርዳል። ቆዳውን በጥፍሩ መታ፣ አዳመጠ፣ መልሶ ወደ ከሰሉ። ከዚያ የደጋኑን የፈረስ ጭራ ዕጣን ቀባው።

ለምን እንደማይሰማ ጠየቅኩት።

«ማይኳ አንድ ናት፣ ጋሼ። ተቀባዮቹ ሲመጡ ይዘዋት ይሄዳሉ። አብሽር፣ እኔ ለራሴ ይሰማኛል።»

የዚያን ቀን ፊት ለፊቱን ለሌሎች ስልኮች ትቼ በጎን በኩል ቆምኩ። ከመብራቱ ውጪ ስለሆነ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 ማድረስ ግድ ሆነብኝ። ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ይምሰል። አንዷ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ማሲንቆው አንገት ጥሏል። ከንፈሩን ነክሷል። ፊቱን ብቻ አስጠግቼ ቆረጥኳት። በዚህ ጉዞ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

አሥራ ሁለት መርጬ በቴሌግራም ላክሁለት። ከዚያችኛዋ ሥር «አምባሰል ይዞት ሲሄድ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ሌሊት መጣ።

«ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እናቴም አይታ ደስ ብሏታል። ያቺኛዋ ግን አምባሰል አይደለችም። በጫጫታው አልሰማ ብሎኝ እየቃኘሁ ነበር።»