ስለ ፊዚክሱም፣ ስለ ኩርፊያውም ጸልዪ

«ቲቸር፣ ለዚህም ይጸለያል እንዴ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ከታዳጊ ሴቶች ጋር ስንሰበሰብ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ዛሬም ተጠየቅኩ። የጠየቀችኝ የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ስል እንደተለመደው ለአገር ሰላም፣ ለታመሙ፣ ለአገልጋዮች ተባለ። እሷ ዝም ብላ ቆየችና ስንበተን ጠጋ አለችኝ። ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል። የፊዚክስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እያስወጣ ያሠራል፣ ስትሳሳት ከኋላ ያሉት ወንዶች ይስቁባታል፣ እሷም ከእሁድ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

ይጸለያል! እንዴት አይጸለይም?

እቤት ከገባሁ በኋላም ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ልጆቻችን መጸለይ ያውቃሉ። ጉባኤ ፊት ጸልዪ ሲባሉ ደህና አድርገው ይጸልያሉ። ግን ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት ትምህርት ቤት ጸሎታቸው ውስጥ የለም። ብቅ የሚለው ፈተና ሲደርስ ነው። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ መሰጠት ሲጀምር፣ ጥር ላይ ደግሞ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል፣ ጾም ጸሎቱ ሁሉ ወደዚያች ሳምንት ተጠቃለለ። ለፈተና መጸለይ ጥሩ ነው፤ እኔም አብሬያቸው እጾማለሁ። ግን ፈተናው የጥቂት ቀን ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው ውሎስ?

የውሎው ነገር ብዙ ነው እኮ፤ ልጆቹ የሚነግሩኝን ስሙ። ጓደኛዬ ያለ ምክንያት ዘጋችኝ። የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶዬን ለጥፈው ተሳሳቁብኝ። ዩኒፎርሜ አጥሯል፣ እናቴን አዲስ አሰፊልኝ እንዳልላት ደግሞ ቤት ያለውን አውቃለሁ። የወር አበባዬ ክፍል ውስጥ መጣብኝና ሁሉም እስኪወጡ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ከዚያ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ቤት ገባሁ። ይቺን የመጨረሻዋን አንዷ ስትናገር ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሄ ይወራል እንዴ ብለው ነው። ይህን አካል የሠራው እግዚአብሔር ራሱ አይደለም ወይ? ያን ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይን። ሞዴስ ከቦርሳ እንዳይጠፋ፣ ሲያማቸውም ለሴት መምህር መናገር እንደሚችሉ አወራን።

የኤልሳዕን የመጥረቢያ ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፤ 2ኛ ነገሥት 6 ላይ ያለውን። የነቢዩ ደቀ መዛሙርት ዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ መጥረቢያ ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባበት። ሰውየው ጮኸ፤ የተዋሰው ነበር። ጦርነት አይደለም፣ ረሃብ አይደለም፣ የሰው ዕቃ ነው የጠፋበት። እግዚአብሔር ግን ብረቱን አንሳፈፈለት። ይሄን ዛሬ ስነግራቸው አንዷ ከጎረቤት ልጅ የተዋሰችው ካልኩሌተር ክፍል ውስጥ እንደጠፋባትና እስካሁን ለባለቤቷ መናገር እንደፈራች አወጣችው። ጸለይንበት። እንዲገኝ ብቻ ሳይሆን ለመናገር ድፍረት እንዲሰጣትም።

ረጅም ጸሎት ያስፈልጋል ብላችሁ አትጨነቁ። ነህምያ ምዕራፍ 2ን አንብቡት። ንጉሡ ምን ትለምነኛለህ ሲለው ነህምያ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። እዚያው፣ ንጉሡ ፊት እንደቆመ። ከወንበርሽ ተነስተሽ ሰሌዳው ጋ እስክትደርሺ ያለው ጊዜ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጸሎት ይበቃል። ለፊዚክሷ ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ፣ አብረኸኝ ውጣ» በዪ አልኳት። ደግሞ ፊዚክስ ከምትችል የ11ኛ ክፍል እህት ጋር አገናኘኋት፤ ነገ ከአምልኮ በኋላ አብረው ይሠራሉ። ዳንኤልም ጸሎተኛ ነበር፣ ባቢሎን ውስጥ ግን ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ተምሯል።

ጅማ ያደገች ልጅ አብራት የምትቀመጠው ሙስሊም ጓደኛዋ ሰዓቷ ሲደርስ ሳታፍር ሄዳ ስትሰግድ እያየች ነው የምታድገው። የእኛዎቹ ግን ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ለማመስገን እንኳን ዙሪያቸውን ያያሉ። ማን ከለከላቸው? ማንም። ይሄ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ። ከጅሬን ኮረብታ በእግር ወርደው የሚማሩ አሉ፣ በባጃጅ የሚመላለሱም አሉ። መንገድ ላይ የሚከተልሽ ሰው ካለ፣ ወይም ማርክ እጨምርልሻለሁ እያለ የሚያስቸግርሽ ሰው ካለ፣ ጸልዪ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ለእናትሽ ወይም ለእኔ ንገሪ። ጸልዪና ቻዪው የሚልሽን አትስሚ።

ከሁሉም የከበደኝ የ11ኛ ክፍሏ ልጅ ነገር ነው። የቅርብ ጓደኛዋ ፈተና ላይ አሳዪኝ ትላታለች፣ ካላሳየቻት ኩርፊያ ነው። ምን ብዬ ልጸልይ ብላኝ ነበር። እንዳለ ንገሪው አልኳት፤ እንዳትጠላኝ እፈራለሁ በዪው፣ መኮረጁን እንደማትፈልጊም ንገሪው። ጸለየች። ከዚያ ከፈተናው በፊት ጓደኛዋን ጠርታ፣ «አላሳይሽም፣ ግን ቤታችን ነይና አብረን እናጥና» አለቻት። ጓደኛዋ አልመጣችም። ጭራሽ ወንበር ቀይራ ከሌሎች ጋር መቀመጥ ጀመረች።

ዛሬ ይሄን ስታወራ አለቀሰች። አይዞሽ፣ ነገ ትመለሳለች አላልኳት፤ መመለሷን በምን አውቃለሁ? አቅፌያት ቆየሁ። ከዚያ የጓደኛዋን ስም ጠርተን ሁላችንም ጸለይን፣ የ9ኛ ክፍሏም ጭምር፣ ድምፅዋን አውጥታ። ሰኞ እረፍት ላይ እንደገና ላናግራት ብላለች።