ለካሜራ የበሬ ጠፍር

ኪኔሬት ዳር፣ አንድ የጀልባ ክበብ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። የእኛ ሰው ገሊላ ባሕር ይለዋል። ስሙ ነው እንጂ ባሕር አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ገደማ ጎድጉዶ የተኛ ሐይቅ ነው። በበጋ ጠዋት ጠዋት መስታወት ይመስላል። ከቀትር በኋላ ግን ከሜዲትራኒያን የተነሣው ነፋስ የምዕራቡን ተራራ ተሻግሮ ቁልቁል ይወርድበታል። ሲመጣ በር አያንኳኳም።

አብዛኛውን ጊዜ የማስተምረው ሆቢ 16 በምትባለው ትንሽ ካታማራን ላይ ነው። ላላያት ሰው፦ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች አስቡ። ርዝመታቸው 5 ሜትር ገደማ ነው። በመሀላቸው መረብ ተወጥሯል፤ የምንቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከመረቡ በላይ 8 ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ምሰሶና ሁለት ሸራ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 145 ኪሎ ቢመዝን ነው። ቀላል ስለሆነች ትበራለች። ቀላል ስለሆነች ትገለበጣለች።

ባለፈው በጋ አለቃችን ለማስታወቂያ ቪዲዮ ፈለገ። «የሰው ጀርባ ማየት ሰለቸኝ፤ ፊት አምጣልኝ። ሲስቁ፣ ውኃ ሲረጫቸው» አለኝ። ከመዳፌ የምታንስ አክሽን ካሜራም ሰጠኝ። ክብደቷ 150 ግራም አካባቢ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በማጣበቂያ የሚለጠፈውን መያዣ ነው። ጠዋት የጀልባዋን አፍንጫ በቲሸርቴ ጠረግ አደረግሁና ለጠፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃ ላይ ነበርን። ንጹሕና ደረቅ ቦታ ላይ ይለጠፍ፣ ከዚያም 24 ሰዓት ይቆይ የሚል ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ወረቀት ማን ያነባል? በዚያ ላይ የሆቢ አፍንጫ ክብ ነው፤ ጠፍጣፋው መያዣ መሀሉን ብቻ ነው የነካው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተላቀቀ። ካሜራዋ ያልሰጠመችው ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ስፖንጅ ስለነበራት ብቻ ነው።

እልህ ያዘኝ። በማግስቱ የብስክሌት እጀታ ላይ የሚጠብቀውን ዓይነት መያዣ አመጣሁ። ምሰሶው ላይ፣ በደረት ቁመት፣ ፊቷን ወደ ተሳፋሪው አዙሬ አጠበቅኋት። ለመተማመኛ ደግሞ ከጀልባ ገመዶቻችን ጠንካራውን መርጬ ከካሜራዋ ወደ ምሰሶው ሥር አሰርኩ። ቋጠሮው ያኮራል። ገመዱ ግን ረዘም ብሎ ቀለበት ሠርቶ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጀልባ ማከማቻውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሉን፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የደንቢያ ሰው ናቸው፣ ጣና ዳር ያደጉ፣ በደንገል ታንኳ የቀዘፉ። መጥተው ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የማንን በሬ ነው የሚያስረው?» አሉኝ።

«ካሜራዋ እንዳትጠፋ ነው፣ ጋሼ።»

«እሷስ አትጠፋም» ብለው ሄዱ።

እኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛ ትምህርቷ ነው። ወገቧ ላይ መንጠቆ ያለው ቀበቶ ታጥቃለች፤ ነፋስ ሲበረታ በዚያ መንጠቆ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ያን ዕለት ገና አልተንጠለጠለችም። ነፋሱ ግን መጣ።

አቅጣጫ ለመቀየር ጀልባዋን አዞርኩ። ሆቢ ስትዞር የፊቱ ሸራ ጥግ ከነገመዱ ምሰሶውን እየታከከ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል። ሁሌም። በቀን ሃምሳ ጊዜ አየዋለሁ። ካሜራዋን ያሰርኩት ልክ እዚያ መንገዱ ላይ ነበር። የሸራው ገመድ በካሜራዋ መያዣ ክንድ ተጠምጥሞ ቀረ። ሸራው በተሳሳተው በኩል ነፋስ ሞላ። «ልቀቂው!» አልኳት። ለቃዋለች፤ የያዘው ካሜራው ነው። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች።

መገለበጥ ብርቅ አይደለም። ተማሪዎች ይስቃሉ፣ እናቃናታለን፣ እንቀጥላለን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ከመረቡ ተንሸራታ ምሰሶው ሥር ነው የወደቀችው። ያ የምኮራበት ገመድ የወገቧ መንጠቆ ውስጥ ገብቷል። ራሷ ከውኃ በላይ ነው፤ መራቅ ግን አልቻለችም። ምሰሶው ወደ ታች ከዞረና ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ከተገለበጠች ይዟት ነው የሚወርደው። ቢላዋ አልያዝኩም።

እሷ ደንግጣ ወደ ኋላ ትጎትታለች፤ በጎተተች ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። «ወደ ምሰሶው ተጠጊ! ወደ እኔ!» ብዬ ጮህኩ። አላመነችኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም። በላይፍ ጃኬቷ ይዤ ወደ ምሰሶው ሳብኳት። ገመዱ ላላ፣ መንጠቆው ወጣ።

አምስት ደቂቃ ብዬ እምል ነበር። ቪዲዮው 22 ሰከንድ ይላል። አዎ፣ ካሜራዋ አልጠፋችም። ከቦታዋም ንቅንቅ አላለችም። አረንጓዴ ውኃ፣ የእኔ እጅ፣ ከዚያ የልጅቷ ፊት። አለቃችን ፊት ነበር የጠየቀው። አብረን አየነው፤ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። በመጨረሻ «አጥፋው» አለ። አላጠፋሁትም። አሁን ለአዲስ አስተማሪዎች መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

በማግስቱ ከጋሼ ጋር ጀልባዋን አሸዋው ላይ አቁመን ሸራዎቹን ሰቀልን። እሳቸው የፊቱን ሸራ ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ፤ እኔ ገመዶቹ የሚያልፉበትን አያለሁ። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀው። ያን ሁሉ ጊዜ ካሜራ ስተክል የተመለከትኩት ስልኬ ላይ የሚታየውን ምስል ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ የሆቢ ምሰሶ ከሸራው ጋር ይዞራል፤ ስለዚህ ምስሉም ቢሆን ጀልባዋ በዞረች ቁጥር ግማሹ ሰማይና ውኃ ነበር።

የተረፈው ቦታ ከኋለኛው አግዳሚ ብረት ጥግ ነው። እዚያም የዋናው ሸራ ገመድ ሲላላ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ የካሜራዋን ዘንግ ዝቅ አደረግነው፣ ሹል ሹሉን በቴፕ ጠቀለልነው። ሁላችንም ጫፉ ዱልዱም የሆነ ቢላዋ ላይፍ ጃኬታችን ላይ እንይዛለን። ካሜራዋ ደግሞ አሁን የምትታሰረው አጠር ባለ ቀጭን የጥጥ ሲባጎ ነው። ሰው ከያዘ ይበጠሳል፤ ካሜራዋ ስፖንጅ አላት፣ ትንሳፈፋለች።

አለቃችን አሁንም በጀርባ ብዛት ያማርራል። ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ከመሳፈሯ በፊት ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ወጣች።

ሲባጎውን የሚፈትሹት ጋሼ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ጎተት ያደርጉታል። አንድ ቀን ከገበያ ጠንከር ያለ ገዝቼ አመጣሁ። ሁለቴ ጎትተው አልበጠስ ሲላቸው ጠቅልለው ኪሴ ውስጥ መለሱት።

«ለበሬህ አድርገው» አሉኝ።