ማግ ላይ የቀለምን ልክ እንዴት አገኘሁት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማግ (የሻይና የቡና ኩባያ) ህትመት የሚደራው በምረቃና በሠርግ ሰሞን ነው። ሰው ፎቶውን በቴሌግራም ይልካል፤ እኔ አትሜ እሰጣለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ጥቁሩ ጋዋን ቡናማ ሆኖ፣ የሙሽራዋ ፊት ቀይ ሆኖ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው የራሱን መልክ ያውቃላ!

ፎቶው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ በሙቀት ወደ ማጉ ይተላለፋል፤ ይህ ሰብሊሜሽን ይባላል። ወረቀቱን አይቶ መፍረድ ግን አያዋጣም። የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ደብዛዛ ነው። የሚፈካው በሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ የማጉ ሽፋን ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ እኔ የማምነው ከፕሬስ (ማጉን ከሚያሞቀውና ከሚጫነው ማሽን) ወጥቶ የቀዘቀዘውን ማግ ብቻ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ አይሲሲ ፕሮፋይል ነው። ቀለሙ በትክክል እንዲወጣ እንዴት መታተም እንዳለበት የሚናገር ፋይል ነው። ይህ ፋይል ለአንድ ፕሪንተር፣ ለአንድ ቀለምና ለአንድ ወረቀት የተሠራ ነው፤ ቀለም ስትቀይሩ እሱም ይቀየራል። ከቀለሙ ሻጭ ጠይቁ። ፎቶሾፕ ላይ የፎቶውን ፋይል በአርጂቢ (ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን በሚገልጸው ዘዴ) እሠራለሁ። ሳትም ቀለሙን ፎቶሾፕ እንዲቆጣጠር አድርጌ፣ የፕሪንተሩን የቀለም ማስተካከያ አጠፋለሁ። ሁለቱም ከበሩ ቀለሙ ሁለቴ ይታረማል፤ ፊት የሚቀላውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ከዚያ የራሴን የቀለም ሰንጠረዥ ሠራሁ። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ከሥራቸው የአርጂቢ ቁጥራቸው፣ ማግ ላይ የታተሙ። ደንበኛ የባንዲራውን አረንጓዴ ወይም የአደይ አበባን ቢጫ ሲፈልግ ማጉን ይዤ በር ላይ እወጣለሁ። በቀን ብርሃን አይቶ ይመርጣል፤ እኔ ቁጥሩን ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ። ስክሪኑን ማየት ቀረ።

ሙቀቱም ቀለም ነው። የኔ ፕሬስ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ የእናንተ ሊለይ ይችላል። ሙቀት ወይም ጊዜ ሲበዛ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይመታል፣ ሲያንስ ሁሉም ይደበዝዛል። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከነካችሁ ምን እንዳስተካከለው አይታወቅም። የማርቆስ ጠዋት ብርዳም ስለሆነ የመጀመሪያው ማግ ሙቀት ያንሰዋል። ፕሬሱን ቀድሜ በደንብ አሞቀዋለሁ። በእጀታው በኩል ብቻ ከደበዘዘ ግን ጥፋቱ የፕሮፋይሉ ሳይሆን የግፊቱ ነው፤ ወረቀቱን አጥብቆ በቴፕ ማሰር ያስፈልጋል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ያ ማግ ለደንበኛ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንጠቀምበት ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። የሀበሻ ቀሚሱ ንጣት የማጉ የራሱ ንጣት ነው። ማጉ ወደ ቢጫ የሚያደላ ከሆነ ቀሚሱም ያደላል። ሽፋኑም ከካርቶን ካርቶን ይለያያል። ስለዚህ አዲስ ካርቶን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ማግ ለሰንጠረዡ ይሄዳል፤ ወጪውንም ዋጋው ውስጥ አስገባዋለሁ።