ሁለት ኢንተርኔት፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ያለቀ ጥቅል

ደሴ ውስጥ ሠርግ እቀርጻለሁ። ሠርጉ እዚህ ይሠረጋል፣ ቪዲዮው ጅዳና ሪያድ ይጠበቃል። ቤቴ ያልተገደበ መስመር አለኝ፤ ግን ትልቅ ፋይል ወደ ኢንተርኔት መጫን ከጀመርኩ ሌላው ነገር ሁሉ ይታፈናል። ማታ ማታ ደግሞ በዙም ኤዲቲንግ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ድምፅህ ይቆራረጣል» ሲሉኝ ሰለቸኝና ሚፋይ፣ ማለትም በሲም ካርድ የሚሠራ ትንሽ የኢንተርኔት መሣሪያ፣ ገዛሁ። ዙም በሚፋዩ፣ ቪዲዮው በቤቱ መስመር፣ ሁለቱም ከአንድ ላፕቶፕ እንዲሄዱ ነው የፈለግኩት።

ዊንዶውስ ይህን በራሱ አይሠራም። ሁለት መስመር ካገኘ «ሜትሪክ» የሚሉት ቁጥሩ ያነሰውን ይመርጥና ሁሉንም በዚያ ይሰዳል። የሚፋዩን 10፣ የቤቱን 50 አደረግኩ። አንድን ፕሮግራም በአንድ መስመር ብቻ ያስወጣል ተብሎ በየቦታው የሚመከረው ፎርስባይንድአይፒ ብሮውዘር ላይ አልሠራልኝም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ። 3ፕሮክሲ የምትባል ትንሽ ፕሮክሲ፣ ማለትም የሌላ ፕሮግራምን ኢንተርኔት ተቀብላ የምታሳልፍ ፕሮግራም፣ ጫንኩና «በቤቱ መስመር አድራሻ ብቻ ውጪ» ብዬ ጻፍኩላት። ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ማስተካከያ ስላለው ወደ እሷ መራሁት፤ ቪዲዮውን የምጭነው በእሱ ነው። ክሮም የዊንዶውሱን ስለሚከተል ለዚህ አይሆንም። ዙምን በፕሮክሲ፣ ፋየርፎክስን በቀጥታ ላድርግ ካላችሁ ደግሞ ተዉት፤ የቪዲዮ ጥሪ ፕሮክሲ አይወድም።

እስከዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነበር፤ 18 ጊጋ ቪዲዮ እየተጫነ ነው። መብራቱ ወዲያው ተመለሰ። ሞደሙ ተነሳ፣ ሚፋዩም ደርቆ ስለነበር አጥፍቼ አበራሁት። ጭነቱን እንደገና ሳስጀምረው በረረ። ዛሬስ መስመሩ ፈጠነ ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የገዛሁት የ25 ጊጋ ጥቅል ባዶ ነው።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ሞደሙም ሚፋዩም ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው 192.168.1.1 ነው። ሁለቱም ለላፕቶፑ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይሰጡታል። ከመብራቱ በፊት በቤቱ መስመር 3 ቁጥር፣ ማለትም 192.168.1.3፣ ነበርኩ፤ 3ፕሮክሲ ላይም የጻፍኩት እሱን ነው። ሁሉም ሲነሳ ሞደሙ 4 ሰጠኝ፣ 3ን የሰጠኝ ሚፋዩ ሆነ። ፕሮግራሟ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። የሁለቱ አድራሻ ቢለያይ ኖሮ 3ፕሮክሲ ያንን ቁጥር አጥታ ትቆም ነበር፤ ጭነቱ ይቋረጣል እንጂ ገንዘቤ አይበላም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱ አድራሻ ጎን ለጎን ተቀምጦ እያየሁት አለፍኩት።

የሞደሙን አድራሻ ልቀይር ብዬ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ረጅም ሙዚቃ አዳመጥኩ። «ሞደሙን አጥፍተው አብርተውታል?» አለችኝ። አዎ። «እንግዲያው ማስተካከያው ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።» ለምን? «አይመከርም።» በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው።

እኔ ግን ግቡ ነው የምለው። ከመግባታችሁ በፊት ሚፋዩን ንቀሉ። እኔ ሳልነቅል 192.168.1.1 ብዬ ስገባ የሚፋዩ ገጽ ተከፍቶ፣ ሞደሙ መስሎኝ የሚፋዩን የይለፍ ቃል ቀይሬ ሌላ አንድ ሰዓት አቃጥያለሁ። የሞደሙ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሆዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። አድራሻውን 192.168.5.1 አደረግኩት። ላፕቶፑንም 192.168.5.20 ላይ ቸነከርኩትና ያንኑ 3ፕሮክሲ ላይ ጻፍኩ። አሁን መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ አይቀያየርም።

ሚፋዩን ዊንዶውስ ላይ «ሜተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት መስመር) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አለዚያ የተረፈችውን ጥቅል አፕዴት ይጨርሳታል። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ በፋየርፎክስም በክሮምም አይፒ፣ ማለትም የወጣችሁበትን መስመር አድራሻ፣ የሚያሳይ ገጽ ክፈቱ። ሁለቱ አንድ ቁጥር ካሳዩ ምንም አትጫኑ።

ቪዲዮው በሁለተኛው ሌሊት በቤቱ መስመር ጅዳ ገባ። የሙሽራዋ እህት ድምፅ ላከችልኝ፦ «አብሽር፣ በጣም ያምራል! ግን የኛ ሰፈር ሴቶች የጨፈሩባትን ቆርጠሃታል።»

እንደገና 18 ጊጋ።