ወደ ቆላ ለሚወርድ ሞተረኛ፦ በሙቀት ስለሚለበስ መከላከያ ልብስ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ሞተረኛ ሙቀት የወቅት ብቻ ሳይሆን የከፍታም ጉዳይ ነው። እኔ የምኖርበት ቱሉ ዲምቱ በበጋ ማለዳ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ አለው፤ በዚያው ዕለት በገላን፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ወይም አዳማ የደረሰ ሰው ግን እኩለ ቀን ላይ ጃኬቱን አውልቆ ኮርቻው ላይ ማሰር ያምረዋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በ1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ካለችው አዳማ አልፎ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዋሽ ሰባት የሚወርድ ሰው ደጋንና ቆላን በአንድ ቀን ያያል። በሰሜን በኩል ከሱሉልታ ተነስቶ በጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድም ነገሩ ያው ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ሞተረኛ የመከላከያ ልብስን የሚያስበው ወይ ተሸፋፍኖ መቀቀል፣ ወይ ቀለል ብሎ ለብሶ መጋለጥ አድርጎ ነው። እኔ የምከተለው ሌላ መንገድ ነው፤ ዋናው ልብስ የሚገዛው ለሚወረድበት ሙቀት ነው፣ የማለዳው ብርድ ደግሞ በላዩ ላይ በሚደረብ ስስ ነገር ይታለፋል። ለብርዱ ብሎ ወፍራም ጃኬት የገዛ ሰው ሙቀቱን የሚያሸንፈው በማውለቅ ብቻ ስለሆነ፣ መንገዱ የሚፈጥንበትና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና የሚበዛበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያለ ጃኬት ይገኛል። በቀስታ በሚጓዝበት በቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ ግን ሙሉ ለሙሉ ለብሶ ነበር።

ሰውነት በሙቀት ጊዜ የሚቀዘቅዘው በዋናነት ላብ ሲተን ነው፤ ላቡ እንዲተን ደግሞ የሚንቀሳቀስ አየር ሊያገኘው ይገባል። ስለዚህ የሙቀት ልብስ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ልብስ እንጂ የግድ ስስ የሆነ ልብስ አይደለም። ማስወጣቱን አጥብቄ የማነሳው ብዙ ጃኬቶች ደረታቸው ላይ የአየር ማስገቢያ ዚፕ ኖሯቸው ጀርባቸው የተደፈነ ስለሚሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ጃኬት ነፋሱን እንደ ከረጢት ይነፋበታል እንጂ በሰውነት ላይ አያሳልፈውም። የመረብ ጨርቅ ጃኬት በዚህ ረገድ የሚበልጠው ደረቱም፣ ክንዱም፣ ጀርባውም አየር ስለሚያሳልፍ ነው። ሞተሩ ከፊት ትልቅ የነፋስ መከላከያ ካለው ግን መረቡ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል።

ነፋስ የሚረዳውም እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚያ ካለፈ በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ሙቀት ይጨምርብናል፤ ላቡም በፍጥነት ስለሚተን ምን ያህል ውሃ እንዳጣን እንኳ አናውቅም። አዳማ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ብዙ አያሳስብም። ከአዋሽ አልፎ 40 ዲግሪ ብርቅ ወዳልሆነበት ወደ ሎጊያና ሰመራ ለሚወርድ ግን እጅጌን መሰብሰብ ወይም ደረትን መክፈት ጉዳት ነው፤ እዚያ የሚሻለው ከስር ካናቴራውን በውሃ አርሶ፣ ጃኬቱን ዘግቶ፣ አየሩ ጥቂት በጥቂት እንዲገባ ማድረግ ነው። የረጠበው ካናቴራ በደረቅ አየር ውስጥ በሚገባ ያቀዘቅዛል። አየሩ ራሱ እርጥበት በያዘበት ባሕር ዳርቻ ግን ውሃው ስለማይተን ያን ያህል አይጠቅምም።

ጸሐይዋንም መርሳት አይገባም። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባም 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የቀትር ጸሐይ አናት ላይ ትቆማለች። የእኛ አየር ቀዝቃዛ መስሎ ስለሚያታልል ባዶ ክንድ መቃጠሉ የሚታወቀው ማታ ቤት ሲገባ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው የመረብ ጃኬት ለውድቀት ባይሆን እንኳ ለዚህ ብቻ ይለበሳል።

ጃኬት ሳነሳ መጀመሪያ የምመለከተው ደረቱ ላይ የተጠለፈውን የፋብሪካ ስም ሳይሆን ውስጡ የተሰፋውን መለያ ነው። በአውሮፓ የሞተረኛ ልብስ የሚለካበት ኢኤን 17092 የሚባል መስፈርት አለ፤ መለያው ላይ የሞተረኛ ሥዕል፣ የሲኢ ምልክትና የደረጃ ፊደል ይገኛል። ከፍተኛው ደረጃ ሦስት ኤ (AAA) ነው፤ ቀጥሎ ሁለት ኤ (AA)፣ ከዚያ አንድ ኤ (A) ይመጣል። ሙከራው የሚካሄደው ጨርቁን በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አስሮ ኮንክሪት ላይ በመልቀቅ ሲሆን፣ ለመፈግፈግ ይበልጥ በሚጋለጠው የልብሱ ክፍል ላይ ሦስት ኤ በሰዓት 120፣ ሁለት ኤ 70፣ አንድ ኤ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት ይፈተናል። ይህ ማለት በ70 የወደቀ ሰው ምንም አይሆንም ማለት አይደለም፤ ጨርቆቹን እርስ በርሳቸው ለማወዳደር የሚያስችል መለኪያ ነው። ቢ የሚለው ደረጃ መፈግፈጉን እንደ አንድ ኤ ቢቋቋምም ፓድ፣ ማለትም ትከሻና ክርንን ከምት የሚከላከል ትራስ፣ የለውም፤ ሲ የሚለው ደግሞ ፓዱን በቦታው ለመያዝ ብቻ የተሠራ መረብ ስለሆነ በሌላ ጠንካራ ልብስ ስር ወይም ላይ ካልሆነ ብቻውን አይበቃም።

አብዛኞቹ የመረብ ጃኬቶች አንድ ኤ ናቸው፤ ሁለት ኤ የሆኑም ይገኛሉ። ለአሮጌው የአዳማ መንገድ ምርጫዬ ሁለት ኤ ነው። ካልተገኘ ግን ትከሻውና ክርኑ ላይ መረብ ሳይሆን ድፍንና ወፍራም ጨርቅ የተሰፋበት አንድ ኤ ጃኬት፣ በየቀኑ የሚለበስ እስከሆነ ድረስ፣ ቤት ከተሰቀለው ሦስት ኤ ይበልጥብኛል።

ስለ ቆዳ ጥቂት ዘርዘር ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ለሞተረኛ መጀመሪያ የሚመከረው የቆዳ ጃኬት ነው። የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ በልስላሴውና በጥንካሬው በዓለም የጓንት ገበያ የታወቀ ነው፤ ሞጆም የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ መሆኗን በዚያ ያለፈ ሁሉ በጠረኑ ያውቀዋል። ነገር ግን ለጌጥ የሚሸጠው የበግ ቆዳ ጃኬት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለሞተር የሚሠራው ግን በተለምዶ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። ከውፍረቱ በላይ ደግሞ ስፌቱ አለ። ሰው አስፋልት ላይ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ቆዳው ሳይሆን ክሩ ነው፤ ክሩ ከለቀቀ ጥሩው ቆዳ ለሁለት ተከፍሎ ገላን ያጋልጣል። ለሞተር የተሠራ ልብስ ትከሻና ክርን አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የተደረበ ስፌት አለው፤ ከስፌቶቹም ቢያንስ አንዱ ከውጭ የማይታይና አስፋልቱ የማይነካው ነው።

አንድ ቃሊቲ አካባቢ የሚሠሩ የቆዳ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ለክርን ፓድ የሚሆን ኪስ ከውስጥ ይሰፉልኛል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። እጅጌውን ገልብጠው ተመለከቱና፣ «ኪሱ ቀላል ነው ልጄ፤ ግን ይህ እጅጌ እኮ በአንድ ስፌት ነው የተንጠለጠለው። መጀመሪያ እሱን በናይለን ክር ልድገመው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያገኘ ሰው ከውጭ የሚመጣ ውድ ልብስ ሳይጠብቅ ብዙ ነገር ማስተካከል ይችላል። ቆዳ ለሙቀት የሚሆነው ግን ደረቱና ክንዱ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ከተበሳ ብቻ ነው፤ ድፍኑ ቆዳ ከቢሾፍቱ በታች ሥቃይ ነው፤ የላቡ ጨው ሲደርቅበትም እየገረረ ይሄዳል።

ፓዱን በተመለከተ፣ ገበያችን ውስጥ በርካሽ ከሚሸጡት ጃኬቶች ብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ስፖንጅ ነው፤ በጣት ሲጫኑት እስከ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ከጌጥ አያልፍም። እውነተኛው ፓድ ኢኤን 1621 የሚል ጽሑፍ በራሱ አካል ላይ ታትሞበት ደረጃ 1 ወይም ደረጃ 2 ይላል። ለትከሻ፣ ለክርንና ለጉልበት ደረጃ 1 የሚባለው ፓድ በሙከራው ምት ጊዜ በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን የማይበልጥ ኃይል የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ደረጃ 2 ከ20 የማይበልጥ ነው። ለአከርካሪ የሚደረገው ደግሞ በቅደም ተከተል 18 እና 9 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መከላከሉ ይበልጣል። ለቆላ ተጓዥ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ግን ከእነዚህ አጠገብ የሚጻፈው ቲ+ የሚል ትንሽ ምልክት ነው። ለስላሳ ፓዶች በሙቀት ባሕርያቸው ሊለወጥ ስለሚችል በ40 ዲግሪ የተፈተኑትና ያለፉት ይህ ምልክት ይሰጣቸዋል። ቀዳዳ ያላቸው ፓዶችም ስላሉ ጀርባ ላይ እነሱን መምረጥ ላብን በግልጽ ይቀንሳል። በመጨረሻም ፓዱ ክርን ላይ መቅረት አለበት፤ ጃኬቱን ቆሞ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ ክንድን ወደ መሪው ዘርግቶ መሞከርና የክንዱን ማሰሪያ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አየር ይግባ ብሎ ሰፊ ጃኬት የገዛ ሰው ሲወድቅ ፓዱ ዞሮ ክርኑ ባዶ ይቀራል።

ከወገብ በታች ያለው ነገር የሚያሳዝን ነው። ጃኬት የለበሰ ሰው እንኳ ከታች ቱታ ያደርጋል። ቱታ ፖሊስተር ወይም ናይለን ስለሆነ በመፈግፈግ ሙቀት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ተራ ጂንስም አስፋልት ላይ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቀደዳል። በኬቭላር ወይም በሌላ አራሚድ በሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተጠናከረ የሞተር ጂንስ ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ ቢሮ የሚገባ ሰውም ሳይሸማቀቅ ይለብሰዋል። እሱ ካልተገኘ በማሰሪያ የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ከወፍራም ሱሪ ስር ማድረግ ርካሹ መላ ነው።

ጓንት በሙቀት ቀድሞ የሚወልቅ ነገር ነው፤ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚዘረጋው መዳፉን ነው። መዳፉ ከፍየል ቆዳ፣ ጀርባው ከመረብ የተሠራ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚያጠብቅ ማሰሪያ ያለው ጓንት ለእኛ አየር ተስማሚ ነው፤ የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ መፈግፈግን የሚችል በመሆኑ መሪና ፍሬን የመያዝ ስሜትን አያደነዝዝም። ስለ ጫማ ብዙ አልልም፦ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ቦት፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የገባ። ነጠላ ጫማ አድርጎ ዕቃ የሚያመላልስ ወጣት በዱከም መንገድ ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል፤ ነገር ግን ከእሱ ይልቅ የምወቅሰው ሞተርና ሣጥን ገዝቶ ሲያሰማራው ጫማ ያላሰበለትን አሠሪ ነው።

ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል። በሙቀት ጊዜ ፊት ክፍት የሆነውን መምረጥ ይቀናል፤ እኔ ግን አገጭን የሚሸፍን፣ ግንባሩና አናቱ ላይ የሚከፈት የአየር መግቢያ፣ ኋላውም ላይ መውጫ ያለውን እመርጣለሁ፤ በገላን አቧራና በከባድ መኪና ጭስ ውስጥ መስታወቱ የዓይንም መድኃኒት ነው። የውስጡ ጨርቅ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን፤ መለያውም ኢሲኢ 22.06 ወይም የቀድሞውን 22.05 ይበል።

የሚደረበውን ነገር በተመለከተ፣ ከውስጥ በዚፕ የሚያያዝ ውሃ የማያስገባ ገበር ያለው ጃኬት አልወድም። የበልግ ዝናብ ሞጆ ላይ ድንገት ሲወርድ መንገድ ዳር ቆሞ ጃኬት አውልቆ ገበር ማያያዝ ይጠይቃል፤ ዋናው ጃኬትም ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከላይ የሚለበስና ተጣጥፎ ከኮርቻ ስር የሚገባ ሰፊ የዝናብ ልብስ ለዝናቡም፣ ለማለዳው ነፋስም ያገለግላል። ከስር ደግሞ ላብ ጠጥቶ ከሚከብድ ጥጥ ይልቅ ስስ የሱፍ ካናቴራ ይሻላል፤ ሱፍ አይቀልጥም፣ ቶሎም አይሸትም። ጥጡን ለበረሃው፣ አርሶ ለመልበስ አስቀምጠዋለሁ።

በሙቀት የሚነዳ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ላብ ሊያጣ ስለሚችል ምንም ልብስ ውሃን አይተካም። ራስ ምታት፣ መነጫነጭና ፍሬን ለመያዝ መዘግየት የጥማት ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህን ያየ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቁም፤ ጃኬቱን ማውለቅ ካለበትም እዚያ ያውልቅ።

ገንዘቡ አንድ ጊዜ የማይሞላ ሰው ከሄልሜት ቀጥሎ ጓንትና ቦት፣ ከዚያ የጉልበት መከላከያ፣ ከዚያ ጃኬት ቢገዛ ጥሩ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው የደረቱን፣ የወገቡንና የክንዱን ልክ በሴንቲ ሜትር ጽፎ ይላክ፤ «ላርጅ» ብሎ መላክ በየፋብሪካው የተለያየ ነገር ያመጣል። የመረብ ጃኬት ሲታጠብ ፓዶቹ አስቀድመው ይውጡ፣ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣ፤ ኬቭላር ያለበት ጂንስም በጸሐይ ብርሃን ስለሚዳከም ቤቱ ጀርባ ባለው ገመድ ላይ ቀኑን ሙሉ ባይውል ይመረጣል።